የትኛው በር ቀድሞ ይዘጋል? በጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች መድልዎና ትንኮሳ ለደረሰበት ሰው የአቤቱታ መንገዶች ንጽጽር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎጃም ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሳስተምር፣ አንዲት የመመረቂያ ዓመት ተማሪ በግንቦት ወር ወደ ቢሮዬ መጥታ በጥር ወር የደረሰባትን ነገረችኝ። የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ የነበረው መምህር ጽሑፉን ከግቢ ውጭ እንዲያዩት ደጋግሞ ጠርቷት፣ በመጨረሻም በእጁ ባለው ውጤት አስፈራርቶ የማትፈልገውን ነገር እንድትፈጽም አድርጓት ነበር። ዝም አላለችም። ለዶርም ጓደኛዋ ነግራለች፣ ለሌላ መምህርም ነግራለች፤ ሁለቱም «ግሬዱ ይግባና ትናገሪያለሽ» ብለዋት ታግሣለች። ግሬዱ ገብቶ ወደ ሕግ ባለሙያ ስትሄድ ለእንዲህ ዓይነቱ ወንጀል አቤቱታ ማቅረቢያ የተሰጠው የሦስት ወር ጊዜ አልፏል። ሁለቱ መካሪዎቿ ክፉ አላሰቡም፤ የትኛው በር ቀድሞ እንደሚዘጋ ግን አያውቁም ነበር። እኔም በዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ይህን ንጽጽር ያዘጋጀሁት በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ የሚያስተምር ወይም የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ከፊቱ ያሉትን መንገዶች አስተያይቶ እንዲመርጥ ነው። መንገዶቹ በሦስት ነገር ይለያያሉ፤ ምን ሊሰጡ እንደሚችሉ፣ ውሳኔው በማን እጅ እንደሆነና እስከ መቼ ክፍት እንደሚቆዩ። የተበደለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከመጨረሻው መጀመርን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በጊዜ ያልተያዘ መንገድ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ተመልሶ አይገኝም።

ከሁሉ የሚቀድመው ሰዓት

በኃይል የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ የመጀመሪያው በር ሆስፒታል ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ በቶሎ በተጀመረ መጠን የመከላከል ኃይሉ ይጨምራል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ቢችልም ውጤቱ በየቀኑ ይቀንሳል። ሰውነትን ሳይታጠቡ መሄድና በጊዜው የተለበሰውን ልብስ ሳያጥቡ መያዝ ያስፈልጋል፤ ልብሱ በወረቀት ቢጠቀለል ይሻላል፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የፖሊስ ምርመራውንና የሥነ ልቦና ድጋፉን በአንድ ቦታ ለመስጠት የተቋቋመ ማዕከል ስላለ ተጎጂዋ አንዱን ታሪክ በየቢሮው እየዞረች እንድትደግም አትገደድም። ለመታከም የፖሊስ ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለፍርድ ቤት የሚሆነውን የሕክምና ማስረጃ ለማውጣት ነው። ከጥቃቱ እርግዝና ቢከተልም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ማቋረጥን የሚፈቅድ ሲሆን፣ ለዚህም የተጎጂዋ ቃል በቂ ነው፤ ወንጀለኛው እስኪያዝ ወይም እስኪፈረድበት መጠበቅ የለባትም።

ወደ ሆስፒታል መሄድ ክስ መመሥረት ማለት አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙዎች «ከታከምኩ ጉዳዩ ይወጣል» ብለው ፈርተው እነዚያን ሦስት ቀናት ስለሚያሳልፏቸው ነው። ታክሞ፣ ማስረጃውን አስይዞ፣ ለመክሰስ ወይም ላለመክሰስ በኋላ መወሰን ይቻላል፤ ሳይታከሙ በኋላ መወሰን ግን ምርጫውን በከፊል አስቀድሞ ማጣት ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ያ የሦስት ወር ገደብ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንዳንድ ወንጀሎችን ተበዳዩ ራሱ አቤቱታ ካላቀረበ በቀር አያስቀጣም፤ አቤቱታውም የሚቀርበው ተበዳዩ ወንጀሉንና ፈጻሚውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። አንድ መምህር ወይም አሠሪ በሥልጣኑ ወይም በሴቲቱ ጥገኝነት ተጠቅሞ ወሲባዊ ድርጊት እንድትፈጽም ሲያደርግ የሚያስጠይቀው አንቀጽ 625 ከእነዚህ አንዱ ነው። አስገድዶ መድፈር ግን ከዚህ ገደብ ውጭ ነው፤ የግል አቤቱታ ሳይቀርብም ያስከስሳል፤ ቅጣቱም በመሠረቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። እንግዲህ በግሬድ አስገድዶ የመጣ መምህርና በጉልበት አስገድዶ የመጣ ሰው በሕጉ ፊት ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች አሏቸው። «ፈርቼ እሺ አልኩ» የምትል ተማሪ የትኛው አንቀጽ እንደሚመለከታት ራሷ መፍረድ የለባትም፤ ሦስቱ ወር ሳይሞሉ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ከቀረበች እርሱ ይለይላታል።

ሦስተኛው ሰዓት የትምህርት ነው። ውጤት እንደገና እንዲታይ ወይም እንዲታረም የሚቀርብ ጥያቄ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ የተወሰነ ቀን አለው። ቀኑ አጭር ነው፤ ከሬጅስትራር ጠይቆ በዚያው ሴሚስተር መያዝ ይገባል።

በግቢው ውስጥ ያሉት በሮች

አብዛኛው ተማሪ መጀመሪያ የሚያስበው የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ነው። ቅርብ ነው፣ በስም ይታወቃል፣ ኮርስ ለማስቀየርና አማካሪ ለመለወጥም ሥልጣን አለው። ነገሩ ገና በጅምር ላይ ከሆነ፣ ማለትም መምህሩ ያልተገባ ቃል መናገር፣ ማታ ማታ መደወል ወይም ያለ ምክንያት ቢሮው ማስጠራት ከጀመረ፣ ኃላፊው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያደርገውን ሌላው ቢሮ በአንድ ሴሚስተር ላያደርገው ይችላል። ድክመቱ ግን ከዚያው ከቅርበቱ ይመጣል። ኃላፊው የተከሳሹ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ምናልባትም አብረው ተምረዋል፣ በአንድ ቤት ለቅሶ ተቀምጠዋል። ይህ ክፉ ሰው አያደርገውም፤ ነገሩን «በውስጥ እንጨርሰው» እንዲል ግን ይገፋፋዋል። ስለዚህ ለኃላፊው በቃል ብቻ መናገር የሚበቃው አማካሪ ለማስለወጥ ነው፤ ቅጣት ለሚገባው ጥፋት አይበቃም።

የሴቶች ወይም የሥርዓተ ጾታ ጉዳይ ቢሮው በተቃራኒው ራሱ አይቀጣም፤ አቤቱታውን ይቀበላል፣ ተማሪዋን ወደ ሕክምና፣ ወደ ምክርና ወደ ሕግ ድጋፍ ይመራታል፣ ደብዳቤውን አዘጋጅቶ ወደሚመለከተው አካል ይልካል። ሰዎች «ሥልጣን የለውም» ብለው ይንቁታል። እኔ ግን ከሩቅ ወረዳ መጥታ ከፍሬሽ ክፍሏ ውጭ ማንንም ለማታውቅ ልጅ ከሁሉ የተሻለው የመጀመሪያ በር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከደጋ ዳሞት ወይም ከቢቡኝ የመጣች፣ በቤቷ ከትልቅ ሰው ፊት ቀና ብላ መናገርን ያለመደች ልጅ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ብቻዋን ከመቆሟ በፊት አብሯት የሚቆም ሰው ያስፈልጋታል። ቢሮው የሚመዘነውም በዚህ ነው፤ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ይጠቅማል፣ ቅጽ አስሞልቶ ብቻ የሚያሰናብት ከሆነ ወደሚቀጥለው በር መሄድ ይሻላል።

በዳዩ ተማሪ ሲሆን ጉዳዩ ወደ ተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤትና ወደ ተማሪዎች ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል። ይህ መንገድ ከሌሎቹ ፈጣን ነው፤ ዶርም ማስቀየር፣ ማስጠንቀቅ፣ ከትምህርት ማገድና ማሰናበት በእነርሱ ሥልጣን ሥር ያለ ነገር ነው። ማታ በዶርም ወይም በግቢው መንገድ ላይ ለሚደርስ ነገር ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ፕሮክተሩና የግቢው ጥበቃ ናቸው፤ ነገሩን በተረኛ መዝገባቸው ላይ እንዲያሰፍሩት መጠየቅ ይገባል፤ በዚያ ሌሊት የሰፈረች አንዲት መስመር ከወራት በኋላ ከብዙ ምስክር ትበልጣለች። በዳዩ መምህር ወይም የአስተዳደር ሠራተኛ ሲሆን የሚታየው በሠራተኞች የዲሲፕሊን ሥርዓት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን በከባድ ቅጣት ከሚያስቀጡ ጥፋቶች መድቦታል፤ ከባድ ቅጣት ሲባል ከደረጃ ዝቅ ማድረግንና ከሥራ ማሰናበትን ይጨምራል።

ለዲሲፕሊን አካል የሚቀርብ ክስ ከፖሊሱ የሚሻልበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። አንቀጽ 625 የተጻፈው ለሴት ተበዳይ ሲሆን የዩኒቨርሲቲው ደንብ ግን ወንዱንም ሴቷንም ይጠብቃል። የተተነኮሰ ወንድ ተማሪ «ማን ያምነኛል» ብሎ ዝም የሚልበትን ሁኔታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለእርሱ ከሁሉ ሰፊው በር በግቢው ውስጥ ያለው ነው። ከዚህም ሌላ ወንጀል ያልሆነ ነገር ግን ጥፋት የሆነ ብዙ ድርጊት አለ፤ በክፍል ውስጥ ስለ ሰውነቷ መቀለድ፣ በላብራቶሪ አጠገብ እየተጠጉ መቆም፣ ቢሮ ሲገቡ በሩን መዝጋት የመሳሰለው። ፖሊስ እነዚህን በቀላሉ አይዛቸውም፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ግን ይይዛቸዋል።

የጎደለው የውሳኔው ነፃነት ነው። ኮሚቴው የተቋሙ ሰዎች ስብስብ ነውና የተቋሙን ስም የመጠበቅ ፈተና አለበት። አባል የሆነ ሰው ከተከሳሹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ ካለው ከጉዳዩ እንዲነሣ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቦ ቅጂ መያዝ ደግሞ በኋላ ለይግባኝ ይጠቅማል። ኮሚቴው አልሰማ ካለ ወይም ካዘገየ ሁለተኛው ደረጃ ፕሬዝዳንቱ ነው። ከተቋሙ በላይ ያለው የትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ ተመልሶ በእርሱ ሥር ሆኗል። ለሚኒስቴሩ የሚጻፍ ደብዳቤ ግን የተቋሙን ደረጃዎች ካለፈ በኋላ ቢሆን ክብደት አለው።

ከግቢው ውጭ፦ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ

ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተፈጸመ ወንጀል የዩኒቨርሲቲው የግል ጉዳይ ነው የሚል አነጋገር በሠራተኞች ዘንድ ሳይቀር ይሰማል። ትክክል አይደለም። ግቢው የፌዴራል መንግሥት ተቋም ቢሆንም ወንጀሉን የሚመረምረው ፖሊስ፣ ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ፣ የሚፈርደውም ፍርድ ቤት ነው፤ ወደ ፖሊስ ለመሄድ የማንም ኃላፊ ፈቃድ አያስፈልግም። ፈጣን አደጋ ላለበት ሰው የፖሊስ ስልክ 991 አለ። በፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይን የሚመረምር ክፍል ስላለ ሴት መርማሪ እንድትቀበላት መጠየቅ የተበዳይዋ መብት ነው።

ፖሊስ ሊሰጥ የሚችለውን የዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ ሊሰጥ አይችልም፤ ሰውን ማሰር፣ ስልክ መመርመር፣ ምስክር አስገድዶ ማቅረብ። ሊሰጥ የማይችለው ደግሞ ተማሪዋ በሚቀጥለው ሰኞ ከዚያ መምህር ክፍል እንዳትገባ ማድረግ ነው። ፖሊስ ግሬድ አያስተካክልም፣ አማካሪ አይለውጥም። የማስረጃው መጠንም ይለያል፤ ፍርድ ቤት ለመቅጣት ከጥርጣሬ ያለፈ ማስረጃ ሲፈልግ፣ ለዲሲፕሊን ውሳኔ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። በወንጀል ነፃ የወጣ መምህር በዲሲፕሊን ሊቀጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ውሳኔ ሌላውን በራሱ አይሽረውም። ስለዚህ «ፖሊስ ጋ ከሄድሽ እኛ አናየውም» የሚል ኃላፊ ሲገጥም መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይሻላል።

በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደርስ ማስፈራራት የራሱ ሕግ አለው፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒውተር ሥርዓት ማስፈራራትን፣ መልእክት እየደጋገሙ ሰውን ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን ወንጀል አድርጓል። «ፎቶሽን እለቀዋለሁ» የሚል ማስፈራሪያ የደረሳት ተማሪ ፎቶው እስኪለቀቅ መጠበቅ የለባትም፤ ማስፈራራቱ ራሱ ወንጀል ነው።

ኮሚሽኑና እንባ ጠባቂው

እነዚህን ሁለት ተቋማት ሰው እያቀላቀለ ስለሚናገር በደንብ መለየት ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 ሲቋቋም፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 211 ተቋቋመ። ሁለቱም ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሁለቱም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው። ኮሚሽኑ የሚመለከተው የመብት ጥሰትን ነው፤ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መለየትና ክብርን የሚነካ አያያዝ ከዚህ ይመደባሉ። እንባ ጠባቂው የሚመለከተው የአስተዳደር በደልን ነው፤ አቤቱታህን ተቀብለው ዓመት ሙሉ መልስ ካልሰጡህ፣ መዝገብህ ጠፋ ካሉህ፣ ደንቡ የማይለውን ምክንያት ከሰጡህ ወደ እርሱ ትሄዳለህ። ብዙውን ጊዜም በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ ደረጃ ጨርሶ መምጣትን ይጠይቃል።

በሁለቱም ዘንድ አንድ ጉዳይ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ በመርሕ ደረጃ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ አይመረምሩም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ራሱ ምርጫ ነው። ኮሚሽኑ አቤቱታን በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፤ ከተበዳዩ ሌላ የትዳር ጓደኛ፣ ቤተሰብ፣ ወኪል ወይም ሦስተኛ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል፤ እንደ ጥሰቱ ክብደትም ስም ሳይገለጽ የቀረበ አቤቱታ ለመቀበል ሕጉ ይፈቅድለታል። ይህ ለፈራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የሁለቱም ውሳኔ ግን ምክረ ሐሳብ ነው፤ የሚቀጣ ክንድ የላቸውም፤ ኃይላቸው በይፋ መጠየቅና ተቋሙን መልስ እንዲሰጥ ማስገደድ ላይ ነው። መምህሩ እንዲቀጣ የሚፈልግ ሰው በእነርሱ ብቻ ቢተማመን ያዝናል፤ ተቋሙ አሠራሩን እንዲለውጥ የሚፈልግ ሰው ግን ከእነርሱ የተሻለ አያገኝም።

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በዓባይ በረሃ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔትም የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። በአካል ሄዶ ማመልከት የማይቻል ከሆነ በፖስታ ወይም በስልክ መጀመር፣ ቀኑንም መዝግቦ መያዝ ይገባል። ለሦስት ወሩ ገደብ ግን በአቅራቢያ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ይበቃልና ባሕር ዳር እስኪደረስ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሽምግልና

በጎጃም ይህን መንገድ ሳያነሡ ስለ አቤቱታ መጻፍ የማይቻል ይመስለኛል። በዳዩ የታወቀ ሰው ከሆነ ሽማግሌ መላኩ አይቀርም፤ አንዳንዴም የሚላከው ወደ ተማሪዋ ሳይሆን ወደ አባቷ ቤት ነው፤ አባት ሳያውቅ የቆየውን ነገር ከሽማግሌዎቹ አፍ ይሰማል። ሽምግልናን አላቃልልም። በሁለት ተማሪዎች መካከል በስድብ ወይም በብሔር ቀልድ የተነሣ ጠብ ሲሆን፣ በዳዩ ጥፋቱን በሰው ፊት አምኖ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ከኮሚቴ ቅጣት ይልቅ ልብ የሚያሳርፍ ዕርቅ አይቻለሁ። ለዚህ ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል መቆም አለባቸው። ግሬድ የሚሰጥና ግሬድ የሚቀበል እኩል አይቆሙም። በመምህርና በተማሪ መካከል የሚደረግ ሽምግልና ብዙውን ጊዜ ሦስቱን ወር የሚበላ መቆያ ይሆናል፤ ዕርቁ ሲፈርስ ሰዓቱም አልቋል። አስገድዶ መድፈር ደግሞ በዕርቅ የማይቋረጥ ወንጀል ነው፤ ቤተሰብ ቢስማማም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሊቀጥል ይችላል። ሽማግሌ የመጣበት ቤተሰብ መነጋገሩን ባይጠላ እንኳ አቤቱታውን አስቀድሞ በመዝገብ አስገብቶ ቢነጋገር ልጁን አይጎዳም።

መድልዎ ሲሆን

ትንኮሳ ቀንና ሰዓት አለው፤ መድልዎ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። በስሙ ወይም በአነጋገሩ ምክንያት ውጤቱ ዝቅ የተደረገበት፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ከቡድን ሥራ የተገለለ ወይም በዊልቸር ስለሚሄድ ፎቅ ላይ ካለው ላብራቶሪ የቀረ ተማሪ የሚያሳየው አንድ ክስተት የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ይደነግጋል፤ አቤቱታ አቅራቢው ግን ከድንጋጌው ይልቅ ንጽጽር ያስፈልገዋል። «አስተማሪው ይጠላኛል» የሚለው ደብዳቤ የትም አይደርስም። «በዚህ ፈተና እኔና እከሌ ተመሳሳይ መልስ ጽፈን እርሱ 18 ሲያገኝ እኔ 9 አገኘሁ፤ ሁለቱም ወረቀቶች ተያይዘዋል» የሚለው ግን ኮሚቴውን ያናግራል። ስለዚህ ለመድልዎ የመጀመሪያው በር ብዙ ጊዜ ፈተናው በሌላ መምህር እንዲታረም መጠየቅ ነው፤ ውጤቱ ከተለወጠ ያ ልዩነት ራሱ ለሁለተኛው አቤቱታ ማስረጃ ይሆናል።

አካል ጉዳት ላለባቸው መንገዱ ትንሽ ይቀላል፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀች ሲሆን የሕንፃ አዋጁም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተደራሽ እንዲሆኑ ያስገድዳል፤ ጥያቄውም ማንንም ሳይከሱ «ክፍሉ ወደ ምድር ይውረድልን» ብሎ ሊቀርብ ይችላል። በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ ያነጣጠረ፣ ጥላቻን የሚያነሣሣ ንግግር በአደባባይ ወይም በቴሌግራም ቡድን ሲሰራጭ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ስለሚመለከተው የፖሊስም ጉዳይ ይሆናል። ነገሩ በዶርም ሕንፃ ውስጥ ወደ ግጭት ሊያመራ የሚችል ከሆነ ለተማሪዎች ዲን በዚያው ሌሊት መንገር ከማንኛውም ደብዳቤ ይቀድማል።

ተቋሙ በኤጀንሲ አማካይነት ያሠማራቸው የጽዳት፣ የጥበቃና የካፌ ሠራተኞች ከሁሉ የተረሱ ናቸው። እነርሱን የሚመለከታቸው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ መፈጸምን በግልጽ ይከለክላል፤ በአሠሪው ወይም በኃላፊው የተተነኮሰ ሠራተኛም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ከማቋረጡ በፊት ግን የሕግ ምክር ይጠይቅ።

ስም ገልጾ ወይስ ሳይገልጹ

በግቢ ውስጥ በጥቆማ ሣጥን የሚገባ ወረቀት ለመናገር የሚፈራን ሰው ይጠብቃል፤ አንድን መምህር የሚመለከቱ አምስት ወረቀቶች ከገቡም ኃላፊው እንዲጠረጥር ያደርጋሉ። ነገር ግን ስም የሌለው ጥቆማ ምስክር ሊጠራ አይችልም፤ ተከሳሹም ሊመልስለት አይገደድም። መካከለኛው መንገድ ስምን ለሚቀበለው ቢሮ ብቻ ገልጾ ለተከሳሹ እስከ ምርመራው ድረስ እንዳይነገር መጠየቅ ነው። ሁለት ሦስት ተበዳዮች ካሉ ደግሞ በአንድ ደብዳቤ ከመፈረም በየራሳቸው ደብዳቤ ጽፈው በአንድ ቀን ቢያስገቡ እመርጣለሁ፤ የተናጠል ቃላቸው «ተመካክረው ነው» የሚለውን መከላከያ ያዳክማል።

በየትኛውም በር ሲገባ ማስረጃው አንድ ነው። በቴሌግራም የተጻፈን መልእክት ላኪው ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ስለሚችል በደረሰበት ደቂቃ ስክሪንሹት ማንሳትና ወደ ሌላ ሰው ስልክ መላክ ያስፈልጋል። ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ሲሆን ፖሊሱና ኮሚቴው የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነውና፣ ከእያንዳንዱ ሥር «ጥር 12፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት» ብሎ መመዝገብ በኋላ ከሚነሣ ጭቅጭቅ ያድናል። ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ሲገባ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበት። መዝገብ ቤቱ እምቢ ካለ ምስክር ይዞ ተመልሶ መምጣት፣ እምቢታውንም መመዝገብ ነው። በቃል የተነገረ አቤቱታ በኃላፊ ለውጥ ይጠፋል፤ የገቢ ቁጥር ያለው አይጠፋም።

አብሮ የሚቆም ሰው

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በራሱ መምህር ላይ የሚቀርብ ክስ ሲሆን ግን ከተቋሙ ውጭ ያለ ጠበቃ ቢገኝ ይሻላል። ለዚህ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 ነፃ የስልክ መስመሩ ምክር ይሰጣል፤ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች በ6388 የሚመልስ አለኝታ የሚባል መስመርም አለ። ስልክ መደወል የሚከብዳት ተማሪ ጓደኛዋ ደውላ መጠየቅ ትችላለች።

ምክር ሰጪ ለመሆን ለሚጠየቅ ጓደኛ፣ መምህር ወይም ዘመድ አንድ ልመና አለኝ። «ታገሺ» ከማለታችሁ በፊት ቀኑን ጠይቁ። ነገሩ ትናንት ከሆነ ሆስፒታል ውሰዷት። ሦስት ወር ሊሞላ ከሆነ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ። ሦስት ወሩ ካለፈ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው በር አሁንም ክፍት መሆኑን ንገሯት።

ያቺ በግንቦት የመጣችው ተማሪም በመጨረሻ የገባችው በዚያ በር ነው። አቤቱታዋን በሁለት ቅጂ ጽፋ፣ የጥሪ መዝገቡንና የመልእክቶቹን ስክሪንሹት አያይዛ አስገባች። አማካሪዋ ተለወጠላትና ጽሑፏን በሌላ መምህር ሥር በነሐሴ አቀረበች። መምህሩ በዲሲፕሊን ሲጠየቅ እርሷ ተመርቃ ወጥታ ነበር፤ ለምስክርነት ስትጠራ ከወላጆቿ ቤት በአውቶቡስ መጥታ፣ ያንን ማኅተም ያለበት ቅጂዋን በእጇ ይዛ በኮሚቴው ፊት ቀረበች።